ቅቤ የመሰለው ዘይት

ገበያ ውለን ስንመለስ በዘንቢላችን ምን እንይዛለን? ጨው፣ ስኳር፣ ሳሙና እንይዛለን። ለልጆች ብስኩት እንገዛለን። ጾም ሲሆን ደግሞ አንዳንዶቻችን የታሸገ የአትክልት ቅቤ እንገዛለን። ይህ ቅቤ ከላም አልመጣም። ከዘይት የተሠራ ነው። ታዲያ ፈሳሹ ዘይት እንዴት ረጋ?

በ1901 እ.ኤ.አ. ዊልሄልም ኖርማን የተባለ ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ባለሙያ ዘይት የሚያረጋ ዘዴ አገኘ። ዘይቱ ይሞቃል። ሃይድሮጂን የሚባል ጋዝ ይገባበታል። ያን ጊዜ እንደ ቅቤ ይረጋል። የረጋው ዘይት ርካሽ ነው። ቶሎም አይበላሽም። ስለዚህ ፋብሪካዎችና ኬክ ቤቶች ወደዱት።

ነገር ግን ዘይቱ በከፊል ብቻ እንዲረጋ ሲደረግ ትራንስ ፋት የሚባል መጥፎ ስብ ይፈጠርበታል። ይህ ስብ በላም ቅቤና በሥጋም ውስጥ ጥቂት አለ። ብዙ ጉዳት ያመጣው ግን የፋብሪካው ነው።

ጉዳቱ ምንድን ነው? እስቲ የመስኖ ቦይ እናስብ። ቦዩን ደለል ሲሞላው ውሃው ማሳ አይደርስም። የደም ሥራችንም እንደዚሁ ነው። በደማችን ውስጥ ኮሌስትሮል የሚባል ስብ አለ። ክፉው ኮሌስትሮል በደም ሥር ላይ እንደ ደለል ይለጠፋል። ደጉ ኮሌስትሮል ትርፉን ጠርጎ ይወስዳል። ትራንስ ፋት ክፉውን ያበዛል፤ ደጉን ይቀንሳል። የልብ ደም ሥር ሲዘጋ ሰው በድንገት ሊሞት ይችላል።

ዴንማርክ በ2003 እ.ኤ.አ. ሕግ አወጣች። በ100 ግራም ዘይት ወይም ስብ ውስጥ የፋብሪካ ትራንስ ፋት ከ2 ግራም እንዳይበልጥ ከለከለች። በ2018 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት አገሮች ሁሉ ይህን ስብ ከምግብ እንዲያስወግዱ ጠየቀ። ድርጅቱ ለአንድ ሰው በቀን የሚፈቅደው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል እንኳ አይሞላም ቢባል ይቀላል።

አንድ ነገር እናስተውል። የረጋ ዘይት ሁሉ ትራንስ ፋት አለበት ማለት አይደለም። የፓልም ዘይት በተፈጥሮው ይረጋል። እሱም ሲበዛ ለልብ አይበጅም፤ ትራንስ ፋት ግን ይብሳል። ሁለቱን ዓይን አይለያቸውም፤ ምላስም አይለያቸውም። የሚለያቸው በዕቃው ላይ የተጻፈው ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. ከመግዛታችን በፊት ጽሑፉን እናንብብ። ማንበብ የተማርነው ለዚህም ነው። «በከፊል የረጋ ዘይት» ወይም «ፓርሻሊ ሃይድሮጅኔትድ» የሚል ካለበት እንተወው። የተጻፈው በፈረንጅ ፊደል ከሆነ ተማሪ ልጃችንን ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን እንጠይቅ።

2. ለወጥ የኑግ፣ የሱፍ ወይም የሰሊጥ ዘይት እንምረጥ። እሱም ቢሆን በልክ ይሁን።

3. አንድ ጊዜ በተጠበሰበት ዘይት ደጋግመን አንጥበስ።

4. ለልጆች በብስኩት ፈንታ ንፍሮ፣ የቤት ዳቦ ወይም ሙዝ እንስጥ።

የታመመ ልብ ማሳከም ብዙ ገንዘብ ይፈጃል። ሐኪም ቤቱም ሩቅ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ አስቀድሞ መጠንቀቅ ይሻላል።

የመወያያ ጥያቄ፦ በአካባቢያችሁ ሱቅ የሚሸጠው የአትክልት ቅቤ ከምን ተሠራ? ባዶውን ዕቃ አምጡና አብራችሁ አንብቡት።