የባንክ ሐራጅ በአንድ ጀንበር አይወጣም

የአርባ ምንጭ ሙዝ ነጋዴ ጭነቱን ወደ አዲስ አበባ ልኮ ዋጋም ሒሳብም የሚነጋገረው በስልክ ነው። አጭበርባሪም በዚያው ስልክ ይመጣል፦ «ከባንክ ነው፤ ዕዳዎን እስከ ማታ በቴሌብር ካልከፈሉ ቤትዎ ለሐራጅ ይቀርባል!»

ሕጉ ግን እንዲህ አያጣድፍም። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ በመያዣ የያዘውን ቤት በሐራጅ የሚሸጠው ለባለዕዳው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ከሰጠ በኋላ ነው።

ደዋዩ ስምንና የብድሩን መጠን አስተካክሎ መጥራቱ ማስረጃ አይሆንም፤ ማን ከማን እንደተበደረ በገበያ ውስጥ መች ተደብቆ ያውቃል?

የሚሻለው ስልኩን ዘግቶ በብድር ውሉ ላይ በሰፈረው ቁጥር መደወል፣ ወይም ሲቀላም ሆነ ሴቻ ወዳለው የአበዳሪው ቅርንጫፍ ብቅ ማለት ነው። የምስጢር ቁጥር የጠየቀ ደዋይ ግን ማጣራትም አያሻውም። ገንዘቡ ከተላከ ሳይውል ሳያድር ለባንኩና ለፖሊስ ማመልከት ይገባል።