ከመምህር ስሞታ እስከ አዋቂው ጥያቄ፦ የኤዲኤችዲ ምርመራ በአሜሪካ

ኤዲኤችዲ፣ ማለትም የትኩረት ማነስና ከልክ ያለፈ መቅበጥበጥ፣ በደም ምርመራም ሆነ በራጅ አይለይም። የሚለየው ሐኪም ጠይቆ፣ ታካሚ ወይም ወላጅ ተናግሮ፣ የልጅነት ታሪክ ተመዝኖ ነው። ስለዚህ በአሜሪካ ሲያሻቅብ የኖረው ኤዲኤችዲ እንዳለባቸው የተነገራቸው ሰዎች ቁጥር የችግሩን ስፋት ብቻ ሳይሆን ሐኪም ፊት ማን እንደቀረበና ምን እንደተጠየቀም ይናገራል (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ቻርለስ ብራድሌይ የተባለ ሐኪም በ1937 በሮድ አይላንድ አነቃቂ መድኃኒት የሰጣቸው ሕጻናት በትምህርታቸው ሲተጉ ተመለከተ፤ ሪታሊን የተባለው አነቃቂ መድኃኒትም በ1955 ፈቃድ አገኘ። ይሁንና በእነዚያ ዐሥርት ዓመታት ወደ ሐኪም የሚላከው በአብዛኛው አርፎ መቀመጥ ያቃተው፣ መምህሩ ስሞታ ያቀረበበት ወንድ ልጅ ነበር። የመጀመሪያው ለውጥ በ1980 መጣ፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ትኩረትን ዋናው መለያ ሲያደርገው፣ ሳይረብሽ በሐሳብ የሚጠፋው ልጅም የሚታይበት መንገድ ተከፈተ። በ1991 የፌዴራሉ ትምህርት መሥሪያ ቤት እነዚህ ልጆች ልዩ ድጋፍ ሊያገኙ እንደሚችሉ በማሳወቁ ደግሞ ወላጆች ምርመራውን የሚሹበት ተጨማሪ ምክንያት አገኙ።

በ1999 ይፋ የሆነው፣ 579 ሕጻናትን ያሳተፈው ጥናት ግን ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን አሳየ። በየሰፈራቸው ሐኪም ከታከሙት ልጆች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ መድኃኒት ቢወስዱም፣ የተሻለ ለውጥ ያሳዩት በየወሩ ግማሽ ሰዓት ያህል ከሐኪም ጋር እየተነጋገሩ መጠኑ የተስተካከለላቸው ነበሩ። ያ ጥብቅ ክትትል በ14ኛው ወር ካበቃ በኋላ ብልጫው እየደበዘዘ ሄደ፤ ጥናቱ በተጀመረ በሦስተኛው ዓመት በተለያየ መንገድ በታከሙት ቡድኖች መካከል ልዩነት አልታየም።

ከዚያ ወዲህ አሃዙ ሽቅብ ወጣ። ከ4 እስከ 17 ዓመት ካሉት ልጆች በ2003 ኤዲኤችዲ እንዳለባቸው የተነገራቸው 7.8 በመቶ ነበሩ፤ በ2007 ወደ 9.5፣ በ2011 ወደ 11 በመቶ ደረሱ። በ2022 ከ3 እስከ 17 ዓመት ካሉት 11.4 በመቶው፣ ማለትም 7.1 ሚሊዮን ገደማ ሆነዋል። የዕድሜ ክልሉና የአጠያየቁ ስልት በመሃል ስለተለወጠ የመጨረሻው አሃዝ ከቀደሙት ጋር በቀጥታ አይነጻጸርም፤ ችግሩ አብሯቸው ካለ ልጆች 30 በመቶ ያህሉ መድኃኒትም ሆነ የጠባይ ሕክምና እንዳላገኙ ግን የ2022ቱ ዳሰሳ ያሳያል።

ሁለተኛው ትልቅ ለውጥ የአዋቂዎች መምጣት ነው። የዚያው ማኅበር የ2013ቱ መመሪያ ምልክቶቹ የሚጀምሩበትን የዕድሜ ጣሪያ ከ7 ወደ 12 ዓመት ከፍ ሲያደርግ፣ ከአዋቂዎች የሚጠበቁትን ምልክቶች ከስድስት ወደ አምስት ዝቅ አደረገ። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ አነቃቂ መድኃኒት በአካል ሳይታዩ በቪዲዮ ማዘዝ ተፈቀደ። በ2023 ከአዋቂዎች 6 በመቶው፣ ማለትም 15.5 ሚሊዮን ሰዎች፣ ችግሩ እንዳለባቸው ተናገሩ፤ ግማሽ ያህሉም ምርመራውን ያገኙት 18 ዓመት ከሞላቸው በኋላ ነው። አደራል የተባለው አነቃቂ መድኃኒት ከ2022 ጥቅምት ጀምሮ እጥረት ስላጋጠመውም መድኃኒቱን ማግኘት ራሱ ፈተና ሆነ።

የበሩ መስፋት በጎ ነው፤ በተለይ ለዓመታት ሰነፍ ሲባሉ ለኖሩ ሰዎች። ነገር ግን ቸኩሎ የተደረገ ምርመራ የእንቅልፍ እጦትን ወይም ጭንቀትን ከኤዲኤችዲ ጋር ሊያምታታ ይችላል። ታሪኩን ለሐኪሙ በትክክል ለማስረዳት፣ በአሜሪካ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች በፌዴራል ገንዘብ በሚደገፉ የጤና ተቋማት ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አላቸው፤ ልጁ የራሱን ጉዳይ እንዲያስተረጉም መደረግ የለበትም። ችግሩ መቼ እንደጀመረ፣ በቤትም በትምህርት ቤትም ይታይ እንደሆነ፣ በቤተሰብ የልብ ሕመም ካለም ያንን ተናግሮ፣ የክትትሉን ቀጠሮ ሳይዙ አለመውጣት ይገባል። የ1999ኙ ጥናት ልጆች የተጠቀሙት መድኃኒቱ ስለታዘዘላቸው ብቻ ሳይሆን ሐኪሙ በየወሩ ስለጠየቃቸው ነበርና።