ልሳንና እግር በአንድ ሒሳብ

በዋሽንግተን ዙሪያ ከሚገኙት አብያተ ክርስቲያናታችን በአንዱ፥ ከቅዳሴ በኋላ ምእመናን በአዳራሹ ተሰብስበው ጠበል ጻዲቅ ሲቀምሱ፥ ከአጠገቤ የተቀመጡ አንድ አረጋዊ መሪጌታ ውሃ ፈልገው እጃቸውን ወደ ብርጭቆው ዘረጉ፤ ስሙን ለመጥራት ግን ቢታገሉ ቢታገሉ አልሆነላቸውም። ጥቂት ቆይቶ ሕዝቡ ለማሳረጊያ ተነሥቶ አቡነ ዘበሰማያትን ሲያደርስ፥ እኒሁ ሰው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዲት ቃል ሳይስቱ አብረው አደረሱ። ልጃቸው፥ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ወደ ተመላላሽ የተሐድሶ ሕክምና እንደምታመላልሳቸው ነግራኝ፥ «ዘንድሮስ ሒሳቡ በእግራቸው አለቀና ለአፋቸው ማስረጃ አምጡ ተባልን» አለችኝ። እግርና አፍ በምን ሒሳብ እንደ ተገናኙ ለማወቅ መጠየቅ የጀመርሁት ከዚያ ወዲህ ነው።

የመሪጌታው ነገር ለሕክምና ሊቃውንት አዲስ አይደለም። በ1745 (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ) ኦሎፍ ዳሊን የተባለ ስዊድናዊ ጸሐፊ፥ ከሕመም በኋላ መናገር የተሳነው አንድ ሰው፥ ሌላ ሰው ከጀመረለት መዝሙሩን አብሮ ያደርስ እንደ ነበር መዝግቧል። በፓሪስ አጠገብ በሚገኘው በቢሴትር ሆስፒታል 21 ዓመት የኖረውና ለተጠየቀው ሁሉ «ታን» ከማለት በቀር መልስ ያልነበረው፥ ሲቈጣ ግን ስድብ የሚወጣለት ሌቦርኝ የሚባል ድውይ በ1861 በሞተ ጊዜ፥ ሐኪሙ ፖል ብሮካ አንጎሉን መርምሮ ጉዳቱ በግራው ወገን በፊተኛው ክፍል መሆኑን ለሊቃውንቱ ማኅበር አሳየ፤ በ1874ም ካርል ቬርኒከ የተባለ የ26 ዓመት ጀርመናዊ ሐኪም፥ በዚያው በግራው ወገን ወደ ኋላ ፈቀቅ ያለው ስፍራ ሲጐዳ፥ ሰውዬው ሳይገታ እየተናገረ ለቃሉ ትርጉም እንደሚታጣለት፥ የሚሰማውንም ለማስተዋል እንደሚቸገር ገለጸ። አፌዝያ የተባለው ይህ ደዌ ቋንቋን እንጂ አእምሮን የሚነሣ አይደለም፤ ብዙዎቻችን ግን ቃል የጠፋበትን ሰው ልቡናም እንደ ጠፋበት ቈጥረን፥ በፊቱ ስለ እርሱ እንደ ሌለ ሰው እናወራለን።

በሜሪላንድ በአንድ ተመላላሽ ክሊኒክ የምትሠራ፥ ስሟ እንዳይጻፍ የለመነችኝ የአገራችን ልጅ የሆነች የንግግርና የቋንቋ ሐኪም፥ ስለ ጸሎቱ በነገርኋት ጊዜ ሣቀች። «ሰዉ ሁሉ ሲጸልዩ ሰማናቸው፥ ድነዋል ይለኛል። አልዳኑም። ከልጅነት በቃል የተጠና ጸሎት ራሱ ይወጣል፤ ውሃ ስጡኝ ማለት ግን በየጊዜው ከባዶ መሠራት አለበት። እኔ የምከፈለው ለውሃዋ ነው» አለች። ዜማው ከንቱ ነው ማለቷ አይደለም፤ በ1973 በቦስተን የተጀመረ አንድ ዘዴ፥ ሐረጉን ከፍና ዝቅ በሚል ድምፅ እያዜሙ፥ በግራ እጅ ጠረጴዛውን እየመቱ፥ ቀስ በቀስ ዜማውን እያስቀሩ ወደ ተራ ንግግር መመለስን ያስተምራል። በማኅሌት መቋሚያና ጸናጽል ይዞ ላረጀ ሰው ይህ ትምህርት ከቶ እንግዳ የሚሆን አይመስለኝም።

«ግማሹ ቀኔ ደግሞ ጕሮሮ ነው» ስትል ጨመረች፤ ስትሮክ የመታው ሰው ቀጭን ፈሳሽ ሲጠጣ ወደ አየር ቧንቧው ሊገባበት ስለሚችል፥ ለአንዳንዱ ውሃው ራሱ በማወፈሪያ ዱቄት ወፍሮ ይሰጠዋል፤ አጥሚት ለለመደ ሰው ይህን ማስረዳት ይቀላታል። የሥዕሉን ፈተና ነገር ግን በምሬት አወራችው። የተሣለውን ነገር ስም መጥራትን የሚለካው የቦስተን ፈተና 60 ሥዕሎች አሉት፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሄዳል። «ለአንድ የጎጃም ሰው ፕሬትዝል አሳየኋቸው፤ ዝም። የበረዶ ቤት አሳየኋቸው፤ ዝም። በተከታታይ ሲስቱ አቁሚ ይላል ደንቡ፤ እኔ አላቆምሁም። ከመጨረሻዎቹ፥ ከከባዶቹ መካከል ቀንበር ሲመጣ፥ 'ቀ... ቀንበር!' ብለው ወንበሩን ነቀነቁት። ደንቡን ብጠብቅ ኖሮ ቀንበሩን ሳያዩት ወደ ቤታቸው እሰዳቸው ነበር።»

ወደ ሒሳቡ ልመለስ። በ1972 የወጣው የሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን ሕክምና መድን) ማሻሻያ የንግግር ሕክምናን ወደ ተመላላሽ አገልግሎት ሲያስገባ፥ በፊዚዮቴራፒ ስም ጥላ ሥር አስቀመጠው። በ1997 የወጣው የበጀት ሕግ ለተመላላሽ ሕክምና የዓመት ወሰን ሲያበጅ፥ የዕለት ተግባርን ለሚያለማምደው ሕክምና 1,500 ዶላር ለብቻው ሲመድብለት፥ ለፊዚዮቴራፒና ለንግግር ግን ያንኑ 1,500 በአንድነት መደበ። የአሜሪካ ምክር ቤት ይህን ወሰን ደጋግሞ ሲያግደውና ሲመልሰው፥ ከ2006 ጀምሮም በልዩ ፈቃድ እንዲታለፍ ሲያደርግ ቆይቶ፥ በ2018 ሻረው። መጠኑ ግን በሌላ መልክ ቆየ፤ ወጪው ከእርሱ በላይ ሲደርስ ክሊኒኩ ሕክምናው አስፈላጊ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት፥ በ2025ም ለሁለቱ በአንድነት 2,410 ዶላር ነበር። ግራውን አንጎል የመታው ስትሮክ ቀኝ እጅንና እግርንም ስለሚያዝል፥ ሁለቱን ሕክምና አብልጦ የሚሻው አፌዝያ ያለበት ሰው ነው፤ ሕጉ እንዲካፈል ያደረገውም እርሱኑ ነው። «እግሩ ቀድሞ ይቀርባል፤ እኔ ከሌማቱ የተረፈውን እጠብቃለሁ» አለች ሐኪሟ። ጉዳዩን የሚያውቅ አንድ ሹም፥ ሁለቱ እስከ ዛሬ ስለ ምን እንዳልተለያዩ ብጠይቀው፥ «ሕጉን ያወጣው ምክር ቤቱ ነው» ብሎ ወደ ሌላ ክፍል መራኝ፤ ያም ክፍል ወደ እርሱ መለሰኝ።

ለአማርኛ ተናጋሪው ደግሞ ጊዜው በአስተርጓሚ እኩል ይከፈልበታል። «አስተርጓሚው የተሰበረውን ንግግር ጠግኖ ለባልደረቦቼ ያቀርብላቸዋል፤ እነርሱ የሚፈልጉት ግን ስብራቱን ነው» አለችኝ ሐኪሟ፤ የልጅ ልጅ ስታስተረጕምማ አያቷን ላለማሳፈር ስሕተቱን ሁሉ ትሸሽጋለች።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ በቤትህ ልሳኑ የታሰረ ሰው ካለ፥ ቀጠሮውን ስትይዝ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቅ፤ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለበት። አስተርጓሚውም የሰማውን እንደ ሰማው እንዲናገር ለምነው። የጀበናውን፥ የምጣዱን፥ የጋቢውን ፎቶግራፍ ከቤትህ ይዘህ ሂድ። ሒሳቡ ከተባለው መጠን ሲያልፍ፥ ክሊኒኩ የአስፈላጊነቱን ማስረጃ ጽፎ እንዲያቀርብ አጥብቀህ ጠይቅ፤ ሕክምናውን በገንዘብ መጠን ብቻ የሚያቋርጥ ወሰን ከ2018 ጀምሮ በሜዲኬር ሕግ የለም።