አምሮት ከየት ይመጣል?

ባለፈው ክረምት፣ ደመናው ከዳሞታ ተራራ ቁልቁል ወርዶ ሶዶን በሸፈነበት አንድ የሐምሌ ምሽት፣ በአንዲት አነስተኛ ምግብ ቤት በር በኩል ሳልፍ የዓሣ ሾርባ ሽታ አወደኝ። ወዲያውም ሚሶ የተባለው የጃፓን ሾርባ አማረኝ። ምራቄ ሞላ፤ ቤቴ ገብቼም የቀረበልኝን እራት መብላት አቃተኝ። ለዶክትሬት ትምህርት ከቆየሁበት ከጃፓን ከተመለስኩ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል። ባለቤቴ ሁኔታዬን አይታ፣ «እርጉዝ እንኳ እንዲህ አያምራትም» ብላ ሳቀችብኝ። ቀልዱ ግን ጥያቄ ሆኖ አደረ።

ሰውነት የጎደለውን ይጠይቃልን?

ብዙዎቻችን አምሮት ሰውነታችን ያጣውን ንጥረ ነገር የሚጠይቅበት መንገድ ይመስለናል። ለዚህ አስተሳሰብ የተገኘው ማስረጃ ግን ደካማ ነው። አፈር ወይም በረዶ የመብላት ፍላጎት ከብረት ማዕድን እጥረት ጋር ተያይዞ መታየቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን አፈር መብላት እጥረቱን አይሞላም። እኔም ብሆን የጎደለኝ ንጥረ ነገር ቢኖር ኖሮ በቀረበልኝ እራት ውስጥ ባገኘሁት ነበር።

አምስተኛው ጣዕም

እ.ኤ.አ. በ1908 የቶኪዮ ንጉሠ ነገሥታዊ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ሊቅ ኪኩናዬ ኢኬዳ፣ ኮምቡ ከተባለው የባሕር አረም የሚዘጋጀው መረቅ ጣፋጭም፣ ኮምጣጣም፣ ጨዋማም፣ መራራም ያልሆነ ጣዕም እንዳለው አስተዋሉ። ምንጩ ግሉታሜት መሆኑን ደርሰውበት ጣዕሙን «ኡማሚ» አሉት። በ1913 ደግሞ ሺንታሮ ኮዳማ በደረቀ ዓሣ ውስጥ ኢኖሲኔት የተባለውን ሁለተኛ ምንጭ አገኙ። ሁለቱ ሲገናኙ የሚፈጥሩት ጣዕም ለየብቻቸው ከሚሰጡት ድምር እጅግ ይልቃል።

ሚሶ የሚሠራው ከአኩሪ አተርና ከጨው፣ እንዲሁም በሩዝ ወይም በገብስ ላይ ከበቀለ ሻጋታ ነው። ሻጋታው ፕሮቲኑን ሲሰባብር ግሉታሜት ይለቀቃል። የእኛ ቆጮም በጉድጓድ ተቀብሮ ይብላላል፤ ይሁን እንጂ እንሰት በአብዛኛው ስታርች፣ ፕሮቲኑም አነስተኛ ስለሆነ ባክቴሪያዎቹ የሚሰጡን ኮምጣጣነትን ነው። ለኡማሚ ወደ ሥጋው፣ ወደ ዓሣውና ወደ በሰለው ቲማቲም መሄድ አለብን።

ሽታና ትዝታ

የዓይንና የጆሮ መልእክት ታላመስ በተባለው የአንጎል ክፍል በኩል ሲያልፍ፣ የአፍንጫ መልእክት ግን ስሜትንና ትዝታን ወደሚያስተናግዱት ክፍሎች በአቋራጭ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የአንጎል ምስል ጥናትም ሰዎች ምግብ ሲያምራቸው ከሚነቁት ክፍሎች አንዱ የትዝታ ማዕከል የሆነው ሂፖካምፐስ መሆኑን አሳይቷል።

ከዚህም ሌላ መፈለግና መውደድ በአንጎል ውስጥ የተለያዩ ናቸው። ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር በአንጎላቸው ውስጥ እንዲጠፋ የተደረጉ አይጦች፣ ስኳር አፋቸው ውስጥ ሲደረግ የመደሰት ምልክት ያሳያሉ፤ ምግብ ፈልገው ግን አይበሉም። አምሮት በዋናነት የመፈለግ ጉዳይ ነው።

የሶዶው ሙከራ

በማግሥቱ ሙከራ አደረግሁ። ሚሶ በሶዶ ስለማይገኝ የዓሣ ጭንቅላት ቀቅዬ በመረቁ ውስጥ በደንብ የበሰለ ቲማቲምና ጨው ጨመርሁ፤ ኢኖሲኔቱ ከዓሣው፣ ግሉታሜቱ ከቲማቲሙ መሆኑ ነው። ሩዙ ግን ክርችም ክርችም እያለ አስቸገረኝ። 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 80 በመቶ ገደማ ስለሆነ ውኃ በ93 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይፈላል። እሳት ብንጨምር ውኃው ፈጥኖ ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። በግፊት ማብሰያ ስሞክረው ሩዙ በሰለ። ሾርባውም ሚሶ ባይሆንም ግማሽ ሳህን ሳልጨርስ አምሮቴ በረደ።

ያልበረደ ሌላ አምሮት አለኝ። በጃፓን የመጀመሪያው ክረምቴ፣ በረዶ በሚጥልበት ወቅት፣ የእናቴ ዳጣ አምሮኝ ስልክ ደወልሁላት። «ስትመጣ እሠራልሃለሁ» አለችኝ። ትምህርቴን ሳልጨርስ ዐረፈች። ቃሪያው፣ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ዛሬም በገበያችን ሞልቷል። መጠኑን ግን አልጠየቅኋትም፤ ከእንሰቱ ጋር ያቀረቡልኝን ዳጣ ሁሉ ቀምሻለሁ፤ የእርሷ አይደለም።

እንግዲህ ውድ ተማሪዎች፣ ነገ ለትምህርት ሩቅ የምትሄዱ ትኖራላችሁ። ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ቀን ደብተርና ሚዛን ይዛችሁ ከእናታችሁ አጠገብ ማድቤት ተቀመጡ። እርሷ በእፍኝ ስትሰፍር እናንተ በግራም መዝግቡ። ቤተ ሙከራ ውስጥ እንድትሠሩ ከምናዝዛችሁ መለኪያ ሁሉ ይህኛው ሊደገም የማይችል ነው።