የዮንግኪንድ ውሃ

ሆላንዳዊው ሰዓሊ ዮሃን ባርቶልድ ዮንግኪንድ እ.ኤ.አ. በ1819 ተወለደ፤ በ1846 ፓሪስ ገባ፤ በ1891 እዚያው ፈረንሳይ አረፈ። የሕይወት ታሪኩን እዚህ ላይ ልተወውና ወደምወደው ሥዕል ልለፍ፤ በ1864 የሠራው «ሴይንና የፓሪስ ኖትርዳም» ነው። በፓሪሱ የኦርሴ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ይገኛል። ወርዱ 56.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ከአንድ ክንድ እምብዛም አያልፍም። ትንሽ ነው ብሎ በስልክ አንስቶ ወደ ሰዓሊው ሞኔ ሥራዎች የሚሮጥ ሰው ግን ትልቅ ነገር ጥሎ ይሄዳል።

አንድ ወዳጄን ይህን ሥዕል ከመጽሐፍ ላይ ባሳየው፣ «ወንዙ ዳር ቁጭ ብሎ የሠራው ነው፤ ያስታውቃል» አለኝ። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፤ እኔ ግን ይህን ሳላርም ማለፍ አልችልም። ዮንግኪንድ ደጅ ይዞ የሚወጣው እርሳስና የውሃ ቀለም ነበር። የዘይት ቀለም ሥዕሎቹን የሚሠራው ቤት ገብቶ፣ ደጅ የሠራበትን ወረቀት ከፊቱ አድርጎ ነው።

የውሃ ቀለም ደግሞ አያስታምምም። ቶሎ ይደርቃል፤ ደጋግመው ከነካኩት ይደፈርሳል። ብርሃኑም የሚመጣው ሳይቀባ ከተተወው ነጭ ወረቀት ነው። ስለዚህ እጅ መተውን ይለምዳል። ዮንግኪንድ ይህን ልማድ ይዞ ወደ ሸራው መጣ። ውሃውን ልብ ብላችሁ እዩት፦ አጫጭር የብሩሽ ምቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አሽቶ አላዋሃዳቸውም። በዘመኑ ይህን ያላለቀ ሥራ ያሉት ነበሩ፤ ዛሬም እንዲህ የሚል አይጠፋም። እባካችሁ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ በሉ፤ ውሃው ይንቀሳቀሳል።

ሞኔ በ1862 ኖርማንዲ ውስጥ ተዋውቆታል፤ ዓይኑን ያሠለጠነለት እውነተኛ መምህሩ ዮንግኪንድ እንደሆነም በኋላ መስክሯል። በቀጣዩ ዓመት ዮንግኪንድ ይፋዊው ዓውደ ርዕይ ያልተቀበላቸው ሥራዎች በቀረቡበት «የውድቆች ሳሎን» ከሰዓሊው ማኔ ጋር ሥዕሎቹን አሳየ።

ዮንግኪንድ የኖትርዳምን ካቴድራል ከአንድ ቦታ ሆኖ ሁለት ጊዜ ሥሎታል፤ አንዱን በብርድ ወራት ጠዋት ብርማ ብርሃን፣ ሌላውን ፀሐይ ስትጠልቅ። ሞኔ የሩዋንን ካቴድራል በየሰዓቱ ብርሃን መሣል የጀመረው ግን ከዚያ በኋላ፣ በ1892 ነው።