ከአካፋው በኋላ፦ የአርኪኦሎጂ ቤተ ሙከራ ሥልጠና

«ሰላም» የተባለችው የዲኪካ ሕፃን ቅሪተ አካል እ.ኤ.አ. በ2000 አፋር ውስጥ ሲገኝ አብዛኛው ክፍሉ በአሸዋ ድንጋይ ተውጦ ነበር። ተመራማሪው ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ድንጋዩን በጥርስ ሐኪም መሣሪያ ቀስ በቀስ ሲያላቅቁ ዓመታት አለፉ፤ ግኝቱ በይፋ የተገለጸው በ2006 ነው። ቁፋሮ የሥራው አጭሩ ክፍል ነው።

ቅሪተ አካልን ከድንጋይ የማላቀቅ ሥራ ለጀማሪ አይሰጥም። ተማሪም ሆነ በጎ ፈቃደኛ የሚጀምረው ከገል ነው፤ አንድ ሳፋ ውኃና የጥርስ ብሩሽ ይቀርብለታል። ቀላል ይመስላል። ሆኖም ጥላሸት የያዘ ገል አይፈተግም፤ የምግብ ቅሪት ይኖረው ይሆናል። ዕድሜው በካርቦን የሚለካ ከሰል ደግሞ ጨርሶ አይታጠብም፤ በእጅ ሳይነካ በፎይል ይጠቀለላል። ገሉ ሲደርቅ ጠርዙ ላይ ቫርኒሽ ይቀባና የቦታው፣ የጉድጓዱና የንብርብሩ ቁጥር ይጻፍበታል። ቁጥሩ የጠፋ ገል ከመንገድ ዳር ከተነሳ ገል አይለይም፤ ጥሩ አሠልጣኝ በዚህ ላይ ቢጨክን አይፈረድበትም። ከዚያ አፉ፣ ጆሮውና መቀመጫው ተለይቶ ይመዘናል። የተቃጠለ እህል ለማግኘት አፈሩ በውኃ ይበጠበጥና የተንሳፈፈው በወንፊት ይጠለላል። ጤፍን ለሚያህል ዘር ወንፊቱ እጅግ ጥሩ ካልሆነ ድካሙ ከንቱ ነው።

ባለሙያ ያልሆነ ሰው ለዚህ ይበቃል? አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ያለው የክሮው ካንየን ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ተማሪውንም ተራውንም ዜጋ ከባለሙያ ጎን ያሠራል። በአርካንሳም የክፍለ ግዛቱ የአርኪኦሎጂ ተቋም ከአማተሮች ማኅበር ጋር ሆኖ ያሠለጥናል።

እኛ ዘንድ መማሪያው ሞልቷል። የመልካ ቁንጡሬና የባልጩት የአርኪኦሎጂ ቦታዎች እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ባልጩት የሚባለውን ድንጋይ በሌላ ድንጋይ መትቶ ስንጣሪ ያወጣ ተማሪ፣ የሰው እጅ የሰበረውን በራሱ ከተሰበረው መለየት ይቀለዋል። የኮንሶ ቆዳ ፋቂ ሴቶችም የድንጋይ መፋቂያ ሲሠሩና ሲጠቀሙ በአጥኚዎች ተመዝግበዋል። እነሱ ቤተ ሙከራ ቢገቡ፣ በእኔ እምነት፣ ቦታቸው የመምህር ነው።

የአካባቢው ወጣት ግን ብዙ ጊዜ አካፋ ይዞ ይውልና የቀን አበሉን ተቀብሎ ይሸኛል። ሳፋ፣ ብሩሽ፣ ሚዛንና ወንፊት ውድ ዕቃ አይደሉም። አርኪኦሎጂ የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች በሚቀጥለው የቁፋሮ ወቅት ለመንደሩ ሰው በገል ማጠቢያው ጠረጴዛ ላይ ቦታ ይስጡት።