የፀጉር ንቅለ ተከላ፦ ቡሪ ሳለሁ ደጋግሜ የሰማኋቸው ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

የፀጉር ንቅለ ተከላ ማስታወቂያ ካምፕ ውስጥም ደርሷል። ስልኩን የከፈተ ሁሉ ያየዋል፤ በግራ በኩል ራሰ በራ ሰው፣ በቀኝ በኩል ያው ሰው ፀጉሩ ጥቅጥቅ ብሎ። ከሥሩ የኢስታንቡል አድራሻና የዋትስአፕ ቁጥር አለ። ነገሩ የሀብታም ብቻ ይምሰል እንጂ እኛም እንጠይቃለን፤ የብዙዎቻችን ፀጉር እየረገፈ ነዋ! አንዳንዱ ዘመድ ከውጭ የሚልክለትን ገንዘብ ለዚህ ማጠራቀም ጀምሯል። አንዳንዷ ደግሞ ማንንም ሳታማክር ሻሿን አጥብቃ አስራ ተቀምጣለች። ይህን የምጽፈው ለሁለቱም ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ከጦርነቱ በፊት ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር፣ በአንድ የቆዳ ክሊኒክ ውስጥ አስተርጓሚ ነበርኩ። በሰው ቤት የሚሠሩ፣ ሻይ የሚሸጡ፣ የቀን ሥራ የሚውሉ ወገኖቻችን ዐረብኛቸው ለገበያ ይበቃል፤ ለሐኪም ግን አይበቃም። እነሱ የሚሉትን ለሐኪሙ፣ ሐኪሙ የሚለውን ለእነሱ ሳቀብል ዓመታት አለፉ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲፈነዳ ቡሪ የሠራዊቱ ጠቅላይ መምሪያ ጎረቤት ናትና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በተኩስ መሀል ወደቀች፤ ሰዉም ተበተነ። ጥያቄዎቹ ግን እዚህም ተከትለውኛል። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«የሚተክሉት የሰው ፀጉር ነው?»

አይደለም። የሚተከለው የራሳችሁ ፀጉር ነው። በወንዶች ላይ በዘር የሚመጣው መመለጥ ግንባርንና አናትን ይመታል፤ ከኋላና ከጆሮ በላይ ያለው ፀጉር ግን አብዛኛውን ጊዜ ይቀራል። ሐኪሙ ከዚያ ከኋላው ከነሥሩ ያወጣና በተመለጠው ቦታ ይተክለዋል። ከጓሮ ችግኝ ነቅሎ ደጅ እንደመትከል ማለት ነው። የሌላ ሰው ፀጉር ቢተከል ሰውነት እንደ ባዕድ ነገር ቆጥሮ ይዋጋዋል።

ዋናውን ነገር ከዚህ ያዙልኝ። ንቅለ ተከላ አዲስ ፀጉር አይፈጥርም፤ ያለውን ቦታ ይቀይራል እንጂ። የፀጉሩ መርገፍ ምክንያት ካልታወቀና ካልቆመ፣ የተተከለውም ሊረግፍ ይችላል።

ነገሩ ሲጀመር ለውበት አልነበረም። ኦኩዳ የሚባል ጃፓናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1939 ፀጉር ያለበትን ቆዳ በጥቃቅኑ እየወሰደ በቃጠሎ ጠባሳ ላይ መትከሉን ጽፎ ነበር። ለወንዶች መመለጥ መሥራት የጀመረው ደግሞ ኖርማን ኦረንትራይክ የተባለ የኒው ዮርክ ሐኪም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1952። ዛሬ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከኋላ ቀጭን የቆዳ ሰቅ ቆርጦ መሰንጠቅ ሲሆን የመስመር ጠባሳ ይተዋል። ሁለተኛው ሥሮቹን አንድ በአንድ በትንሽ መርፌ መሰል መሣሪያ ማውጣት ነው፤ ነጠብጣብ የመሰሉ ትናንሽ ጠባሳዎች ይተዋል።

«ከተሰደድኩ ወዲህ ፀጉሬ በእፍኝ እየወጣ ነው። ንቅለ ተከላ ያስፈልገኛል?»

ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ የበዛው ይሄ ነው። መልሱም ብዙ ጊዜ «አያስፈልግሽም» ነው።

በጤናማ ሰው ራስ ላይ ወደ 100,000 የሚጠጋ ፀጉር አለ። ከዚያ ውስጥ በቀን ከ50 እስከ 100 ቢረግፍ ችግር የለውም። አብዛኛው እያደገ፣ ጥቂቱ ደግሞ እያረፈ ነው የሚኖረው። ሰውነት ትልቅ ድንጋጤ ሲደርስበት ግን ብዙ ፀጉር በአንድ ጊዜ ማደጉን አቁሞ ወደ እረፍት ይገባል። ከባድ ትኩሳት፣ ታይፎይድ፣ ወባ፣ ወሊድ፣ ረሃብ፣ ፈጣን ክሳት፣ ሐዘን፣ ሁሉም ይህን ያደርጋሉ። የገባው ፀጉር ወዲያው አይረግፍም፤ ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ነው የሚወድቀው። ለዚህ ነው መንገድ ላይ ሳለን ያልረገፈው ካምፕ ገብተን «አሁንማ ተረጋጋን» ስንል የሚረግፈው።

በዚህ ዓይነቱ መርገፍ ሥሩ አልሞተም። ምክንያቱ ከተወገደ በጥቂት ወራት ውስጥ መልሶ ይበቅላል። ከ6 ወር በላይ ከቀጠለ ግን ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የደም ማነስ ምርመራ ጠይቁ። የወር አበባ የሚበዛባት፣ በቅርብ የወለደች፣ ምግቧ የሳሳባት ሴት ብዙ ጊዜ ብረት ያንሳታል። የእንቅርት ዕጢ ችግርም ፀጉር ያረግፋል። ከምታገኙት ራሽን ውስጥ ምስርና ባቄላ ይጠቅማሉ፤ ጎመን ከተገኘ ጨምሩበት። ሻይን ከምግብ ጋር አትጠጡ፤ በምግብ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያግዳል። አንድ ሰዓት ያህል አቆዩት።

«ሹሩባ የምሠራበት የግንባሬ ዳር ሸሽቷል። ይመለሳል?»

የሚወሰነው በጊዜው ነው። ጥብቅ ሹሩባ፣ ከባድ ቅጥያ፣ ሁልጊዜ ተወጥሮ የሚታሰር ፀጉር ሥሩን ይጎትታል። ተሠርቶ ሲያልቅ ራስ የሚያም ከሆነ፣ ግንባር ከተወጠረ ወይም ትናንሽ ብጉር ካወጣ፣ በጣም ጠብቋል ማለት ነው። በዚህ ደረጃ ላይ መጎተቱ ከቆመ ፀጉሩ ሊመለስ ይችላል። ቆዳው ለስልሶ ማብረቅ ከጀመረ ግን ሥሩ ሞቷል፤ ያን ጊዜ ቅባትም ኪኒንም አይመልሰውም። ለእንዲህ ዓይነቷ ሴት ንቅለ ተከላ ሊረዳ ይችላል፤ ሆኖም ከተተከለ በኋላ እንደገና ጎትታ ከተሠራችው ያም ይሄዳል። ለልጆቻችን ደግሞ ከአሁኑ እናስብላቸው፤ የዳሩን ፀጉር ላላ አድርጎ መሥራት ምንም አያስከፍልም።

«ልጄ ራሱ ላይ ክብ ክብ እየሆነ ተመልጧል»

ቅርፊት ካለው፣ ካሳከከው፣ ፀጉሩ ከሥሩ የተቆረጠ ከመሰለ፣ ቆረቆር ሊሆን ይችላል። ፈንገስ ነው፤ ከልጅ ወደ ልጅ በማበጠሪያ፣ በኮፍያ፣ በፀጉር መቁረጫ ይተላለፋል። ፈንገሱ በፀጉሩ ውስጥ ስለሚኖር ቅባት ብቻውን አያድነውም። ሐኪም የሚያዘው የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ ግሪሲዮፉልቪን ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወሰዳል። ልጁ ደህና ሲመስል አታቋርጡት፤ ወንድምና እህቶቹንም አስመርምሩ። ቸል ከተባለ ጠባሳ ሊተው ይችላል።

ቦታው ለስላሳ ሆኖ ቅርፊት ከሌለው ግን ላሽ የምንለው ሊሆን ይችላል። የሰውነት መከላከያ የራሱን ፀጉር ሥር ሲያጠቃ የሚመጣ ነው፤ አይተላለፍም። ብዙ ጊዜ ራሱ ይመለሳል። ሁለቱም የንቅለ ተከላ ጉዳይ አይደሉም።

«ታዲያ ንቅለ ተከላ የሚጠቅመው ለማን ነው?»

በዘር ለተመለጠና መመለጡ ለተረጋጋለት፣ ከኋላ በቂ ፀጉር ላለው ሰው ነው። በቃጠሎ፣ በጥይት ወይም በፍንጣሪ ራሱ ላይ ጠባሳ ለቀረበት ሰውም ሊሠራ ይችላል፤ ጠባሳው በደንብ ከደረቀና ከተረጋጋ በኋላ። ሴቶች ላይ ብዙ ጊዜ ፀጉሩ የሚሳሳው በመላ ራስ ስለሆነ ከኋላም የሚወሰድ ሊጠፋ ይችላል። ቁስል ሲድን ጠባሳው አብጦ የሚቀርበት ሰው፣ ስኳር ወይም የደም ግፊት ያለበት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ መንገር አለበት።

እንደኛ ዓይነት የተጠቀለለ ፀጉር ሥሩም ከቆዳ በታች ይጎብጣል። ልምድ የሌለው ሰው ሲያወጣው ሥሩን ይቆርጠዋል። ስለዚህ «በተጠቀለለ ፀጉር ላይ ሠርተህ ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

«ያማል? መቼ ነው የሚድነው?»

ቆዳው በመርፌ ይደነዝዛል፤ የሚያመውም በአብዛኛው ያ መርፌ ነው። ሥራው ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ ቀኑን ሙሉ ሊወስድም ይችላል። ሰው ተኝቶ አያድርም፤ በዚያው ቀን ይወጣል። ከዚያ በኋላ ያለው እንዲህ ነው፦

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግንባርና ዓይን አካባቢ ሊያብጥ ይችላል። ራስን ከፍ አድርጎ በጀርባ መተኛት ያስፈልጋል። አይታከክም፣ አይነካካም። አጠባው ሐኪሙ በነገረው ቀን፣ ንጹሕ ውሃ ቀስ አድርጎ በማፍሰስ ይጀመራል።

ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ቅርፊቱ ይረግፋል። እስከዚያ ከባድ ዕቃ ማንሳትና ራስን ለፀሐይ ማጋለጥ የተከለከለ ነው።

ከ2ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት የተተከለው ፀጉር ይረግፋል። ብዙ ሰው «ገንዘቤ ባከነ» ብሎ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። የረገፈው ዘንጉ እንጂ ሥሩ አይደለም።

ከ3ኛው ወይም ከ4ኛው ወር ጀምሮ መብቀል ይጀምራል። ሙሉ ውጤቱ የሚታየው ከ12 ወር በኋላ ነው፤ አንዳንዱ ላይ ከዚያም ይዘገያል።

ትኩሳት፣ መግል፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመም ካለ ኢንፌክሽን ነውና ሳይውል ሳያድር ሐኪም ማየት ያስፈልጋል።

አሁን ይህንን ከካምፕ ኑሮ ጋር አስተያዩት። አቧራው እንደምታውቁት ነው። ውሃው በወረፋ ነው። ሃያ ሊትር ጀሪካን ተሸክሞ፣ እንጨት ለቅሞ የሚውል ሰው ሁለት ሳምንት ከፀሐይና ከሸክም እንዴት ይርቃል? የሚረዳውና የሚያርፍበት ጥላ የሌለው ሰው ይህን ሥራ አሁን ባይጀምረው እመክራለሁ። ራሰ በራነት አይገድልም፤ የተበከለ ቁስል ግን ሊገድል ይችላል።

«በርካሽ የሚሠራ አለ ይሉናል»

በፀጉር ቤት ወይም በመኖሪያ ቤት ጓዳ የሚሠራ ከሆነ እንዳትሞክሩት። ንጹሕ ባልሆነ መሣሪያ ሄፓታይተስ ቢ፣ ሄፓታይተስ ሲና ኤች አይ ቪ ይተላለፋሉ። ማደንዘዣውም መጠኑ ካለፈ ልብን እስከ ማቆም ይደርሳል። ወደ ውጭ ለሚያስብም ቢሆን፣ ፎቶ ብቻ አይቶ ቀብድ የሚጠይቅ ሐኪም አይደለም። የሐኪሙ ስምና ፈቃድ ምንድን ነው? ቆዳውን የሚቆርጠው እሱ ራሱ ነው ወይስ ሌላ ሰው? ከተመለስኩ በኋላ ችግር ቢገጥመኝ ማን ያየኛል? እነዚህን ሦስቱን በጽሑፍ ያልመለሰ ሰው ገንዘባችሁን አያግኝ። የካምፕ መታወቂያ ፓስፖርት አለመሆኑንም አትርሱ፤ ደላላ «ቪዛው በእኔ ይሁን» ሲል ጠርጥሩ።

«ቅቤ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሒናስ?»

ቅቤ ፀጉሩ እንዳይደርቅና እንዳይሰበር ይረዳል፤ ሥር ግን አያበቅልም። ነጭ ሽንኩርት ቆዳ ያቃጥላል። ሒና ብቻውን ቀለም ነው። አደገኛው ሱዳን ውስጥ ከሒና ጋር የሚቀላቅሉት፣ «ሐጀር» ማለትም ድንጋይ የሚሉት ጥቁር ማቅለሚያ ነው። የካርቱም ሐኪሞች ከ1980ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በእሱ የተመረዙ ሰዎችን ሲያክሙ ኖረዋል፤ ፊትና ጉሮሮ ያሳብጣል፣ ኩላሊት ያደክማል፣ ይገድላል። ልጆች ከሚደርሱበት አርቁት።

ሚኖክሲዲል የሚባለው ፈሳሽ ለአንዳንድ ሰው ይሠራል፤ ሲያቆሙት ግን ያበቀለው ይረግፋል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት አትጠቀመው። ፊናስተራይድ የሚባለው ኪኒን ደግሞ ለወንዶች ነው፤ ነፍሰ ጡር ሴት የተሰበረውን እንኳ በእጇ መንካት የለባትም።

ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ምን ትላላችሁ?

ቡሪ እያለሁ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነበር። መቼ ጀመረ? ከዚያ በፊት ባሉት ሦስት ወራት ምን ደረሰብህ፣ ትኩሳት፣ ወሊድ፣ ረሃብ፣ ሐዘን? ራስህ ላይ ምን ቀባህ? መልሱን አስባችሁ ሂዱ። ሱዳን ያላችሁ አስተርጓሚ ካጣችሁ «ሸዕሪ ቢገዕ» በሉ፤ ፀጉሬ ይረግፋል ማለት ነው። ሻሻችሁን ፈትታችሁ ለማሳየት አትፈሩ፤ እዚያ የተቀመጠው ሰው ሥራው ማየት ነው።

ፀጉር በወር የሚያድገው አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ዛሬ ሕክምና የጀመረ ሰው ለውጡን የሚያየው ከወራት በኋላ ነውና ሳምንት ጠብቃችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ለንቅለ ተከላ ያጠራቀማችሁት ገንዘብ ካለም እስከዚያ ባለበት ይቆይ።